ከባሕር ሥር የተገኘው የእኛ ዝናብ

በዚህ ዓምድ የምንጨዋወተው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባትና ስለ ልጆች አመጋገብ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጭቃ ላወጋችሁ ነው፤ ያውም ስለ ባሕር ጭቃ። «ሲስተር ምን ነካት? ሶዶ ቁጭ ብላ የምን ባሕር ነው?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። የተጀመረው በቤቴ፣ በቡና ሰዓት ነው።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት የመጣች የልጅ ልጅ አለችኝ። ስትመለስ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ትሞላለች። እናቷ፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ ጉዳዩ ያለቀለት ነው ብላ ነበር የምታስበው። እኔ ነርስ፣ እሷ ፋርማሲስት፤ ልጅቷም በእኛው መንገድ ጤና ትገባለች። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ግን ልጅቷ ረጋ ብላ «እኔ የምመርጠው ጂኦሎጂ ነው» አለች።

እናቷ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ድንጋይ ልትለቅሚ ነው?» አለቻት። እኔም እውነቱን ልናገርና ለእናቷ አገዝኩ። «የኔ ልጅ፣ ድንጋይ የትም አይሄድብሽም፤ የታመመ ሰው ይቀድማል» አልኳት።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ወደ እኔ ዞራ «እማማ፣ ባሪየም ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንዴት አላውቅ! በወጣትነቴ ለጨጓራ ምርመራ የመጡ ሕመምተኞችን ራጅ ከመነሳታቸው በፊት ስንቴ አጠጥቼዋለሁ። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ኖራ ውሃ የሚመስል ነገር ነው። ሰዉ ፊቱን አጨፍግጎ ይጠጣዋል። ባሪየም ሰልፌት ይባላል። በሆድ ውስጥ አይሟሟም፣ ወደ ደም አይገባም፣ ራጁንም አያሳልፍም። ስለዚህ በፊልሙ ላይ የጨጓራውና የአንጀቱ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የማይሟሟ መሆኑ ነው ጥቅሙ፤ ባለበት ይቆያል፣ ያለበትንም ያሳያል።

«እንግዲህ ያው ባሪየም በባሕር ጭቃ ውስጥም አለ» አለችኝ። «እኛም የምናነበው እንደ እናንተ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደገባኝ አድርጌ ላስረዳችሁ። በባሕር ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፍጥረታት ይኖራሉ። ሲሞቱ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እየወረዱም ይበሰብሳሉ። በሚበሰብሰው ነገር ዙሪያ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ባሪየም ከሰልፌት ጋር ተገናኝቶ ደቃቅ ጠጠር ይሆናል፤ ከወለሉ ላይም ይቀመጣል። ብዙ ሕይወት ከነበረ ብዙ ባሪየም ይወርዳል። በጥልቁ ባሕር ጭቃ የሚከማቸው በጣም በዝግታ ነው፤ በሺህ ዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ። ረጅም ቱቦ ከመርከብ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ሲተከልና ሲወጣ ታችኛው የጥንቱ፣ ላይኛው የቅርቡ ሆኖ በተርታ ይገኛል። እንደ ሕመምተኛ ካርድ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ከታች፣ የዛሬው ከላይ።

እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 ዓለምን የዞረችው አልባትሮስ የተባለች የስዊድን መርከብ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወለል እንዲህ ያለ ጭቃ አወጣች። በፈዛዛው ጭቃ መሀል እዚህም እዚያም ጥቁር ጥቁር ንጣፎች ነበሩ። ጥቁር የሆኑት ያልበሰበሰ የሕያዋን ቅሪት ስለሞላባቸው ነው። ያልበሰበሰውም ኦክስጅን ስላልነበረ ነው። ባሕሩ በየዘመኑ እየታፈነ፣ ከዚያ ደግሞ እየተነፈሰ ኖሯል ማለት ነው።

ምን አፈነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ ደጅ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1983 ማርቲን ሮሲኞል-ስትሪክ የተባሉ ፈረንሳዊት ተመራማሪ ጥቁሮቹ ንጣፎች የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ከበረታባቸው ዘመናት ጋር እንደሚገጥሙ አሳዩ። ምድር እንደ እንዝርት ስትሽከረከር ዘንጓ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ከ20,000 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ አንዴ የሰሜኑ ክረምት ምድር ለፀሐይ ከምትቀርብበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ያኔ የአፍሪካ መሬት ይበልጥ ይሞቃል፣ እርጥብ ነፋስ ከውቅያኖስ ይስባል፣ ዝናቡ ይበረታል። ዝናቡ በዓባይና በሌሎች ወንዞች ሜዲትራኒያን ይገባል። የወንዝ ውሃ ከጨው ውሃ ይቀላልና ከላይ ይንሳፈፋል፤ እንደ ክዳንም ይሆናል። ላይኛው ውሃ ወደ ታች መውረድ ሲያቅተው ታችኛው አየር ያጣል።

የመጨረሻው ጥቁር ንጣፍ የተሠራው ከ10,800 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 6,100 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ውሃ ከ1,800 ሜትር በታች ኦክስጅን አልነበረውም። ይህን የሚመሰክሩት በጣም ጥቂት መጠን ያላቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ሞሊብዲነም፣ ዩራኒየም፣ ቫናዲየም። ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ሟሙተው ይኖራሉ። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን ጠባያቸው ይለወጥና ከጭቃው ጋር ይጣበቃሉ።

መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ እንድትገምቱት ልንገራችሁ። የሚለኩት ከአንድ ሚሊዮን እጅ ስንት እጅ ተብሎ ነው። ከሚሊዮን አንድ እጅ ማለት በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንድ አሥረኛ ግራም እንደማለት ነው፤ ጥቂት መቶ የጤፍ ፍሬ። እኛ የጤና ሰዎች በዚህ መገረም የለብንም። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ብታጣ የልጁ አእምሮ ይጎዳል፤ በቀን የሚያስፈልጋት ግን በጣት ጫፍ እንኳ የማይነሳ ነው። ጥቂት ማለት ከንቱ ማለት አይደለም።

ልጅቷ ስትነግረኝ ያስደነቀኝ ሌላም አለ። ባሕሩ መተንፈስ ሲጀምር ኦክስጅኑ ከላይ ወደ ጭቃው ሰርጎ ጥቁሩን ነገር ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ዛሬ ቱቦው ሲከፈት ጥቁሩ ንጣፍ ከድሮው ሳስቶ ይታያል። በዓይኑ ብቻ የሚፈርድ ሰው «ባሕሩ የታፈነው ለአጭር ጊዜ ነበር» ይላል። ባሪየሙ ግን አይቃጠልም፣ በቀላሉም አይሟሟም። ጥቁሩ ከጠፋ በኋላም ባለበት ቆሞ «እስከዚህ ድረስ ነበር» ብሎ ያሳያል። ከላዩ ደግሞ የማንጋኒዝ መስመር ይገኛል፤ እሱ ኦክስጅን የተመለሰበትን ጊዜ ያመለክታል። ትኩሳቱ ከበረደለት በኋላ የመጣ ሕመምተኛ ገጥሞን ያውቃል አይደል? ሰውየው «አሁን ደህና ነኝ» ይላል፤ የደም ምርመራው ግን ያለፈውን ይናገራል።

«ታዲያ ጭቃው ራሱ ከመጀመሪያው ባሪየም ቢኖረውስ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኗ በራ። በእርግጥም ከወንዝ የሚመጣው ሸክላና ከሰሐራ የሚነፍሰው አቧራ የራሳቸው ባሪየም አላቸው። ስለዚህ ባሪየሙ ብቻውን አይነበብም፤ የሸክላው ምልክት ከሆነው አሉሚኒየም ጋር ይነጻጸራል። «ክብደት ለቁመት በይኛ!» አልኳት። ልጅን በክብደቱ ብቻ ተጎድቷል ወይም ደህና ነው አንልም፤ ከቁመቱ ጋር እናስተያያለን። አንድ ምልክት ብቻም አይበቃም። ትኩሳት ሁሉ ወባ እንዳልሆነ ሁሉ እነሱም ሞሊብዲነሙንም ዩራኒየሙንም ሌላውንም አንድ ላይ ካላዩ አይፈርዱም።

እናቷ እስካሁን ዝም ብላ ነበር። «ይሄ ሁሉ የግብፆች ባሕር ነው። ለወላይታ ምኑ ነው?» አለች።

ልጅቷ በጣቷ በመስኮቱ በኩል ዳሞታን አሳየቻት። ከዳሞታ በስተምዕራብ የሚወርደው ውሃ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ። በምሥራቅ ያለው በብላቴና በሌሎች ወንዞች አባያ ይገባል። ዛሬ ከሁለቱም ወገን አንዲት ጠብታ እንኳ በወንዝ ባሕር አትደርስም፤ ሐይቅ ውስጥ ትቀራለች ወይም ተንና ትጠፋለች። በዚያ ዝናባማ ዘመን ግን አባያ ሞልቶ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ በሰገን በኩል ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕርም ሞልቶ ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር። ቱርካና ራሱ ከዛሬው ወደ 100 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይተርፍና በሶባት በኩል ነጭ ዓባይ ይገባ ነበር። ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ሜዲትራኒያን።

ልብ በሉ፤ ትልቁን ጎርፍ ያመጣው ከሰሜኑ ደጋ የሚነሳው ዓባይ ነው፤ የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው። ቢሆንም በዚያ ጥቁር ጭቃ ውስጥ በዳሞታ ላይ የዘነበ ዝናብ ምልክት አለበት። ባሕር አይቶ የማያውቅ የወላይታ ዝናብ ባሕር አፍኗል። ለእኛ በረከት የነበረው ለባሕሩ ወለል መታፈን ሆነ።

ዝናቡ ደግሞ ሁሌም በረከት አልነበረም፤ ቀርቶም ያውቃል። ከጣና ሐይቅ ሥር የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ከኮንሶ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ጨው ባሕር ዛሬ አብዛኛው ደረቅ የጭቃ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት ያሉበት የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ቡድን እዚያ ወደ 280 ሜትር ጥልቀት ቆፍሮ ደለል አወጣ። ደለሉ የ620,000 ዓመት ታሪክ ይዟል። እዚያ የተነበበው በዋናነት ፖታሲየም ነው። ውሃው ሲቀንስና ጨዉ ሲበዛ ፖታሲየም ሸክላው ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ፖታሲየም ካለ ያ ዘመን ድርቅ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት እንደሚለው ካለፉት 60,000 ዓመታት ጀምሮ እርጥበትና ድርቅ ከቀድሞው ሁሉ በባሰ ሁኔታ ተፈራርቀዋል። በዚያው ዘመን፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ሰዎች እዚሁ ዳሞታ ላይ በሞቼና ቦራጎ ዋሻ እሳት እያነደዱ ይኖሩ ነበር። ቆላው ሲደርቅ ደጋው መጠጊያ ሳይሆን አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

እዚህ ላይ ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እማማ፣ በ1977 ዓ.ም. ምን ነበር የሚሠሩት?»

ታውቀዋለች፤ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። በምግብ ማደያ ጣቢያ ልጆችን እመዝን ነበር። ልጁን በማንጠልጠያ ሚዛን ላይ እናደርጋለን፣ ቁመቱን እንለካለን፣ ክንዱን እንለካለን፣ እንጽፋለን። ስኳር ድንቹ ጠፍቶ፣ ያልደረሰ እንሰት ተነቅሎ ተበልቶ፣ አገሩ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ሆኖ ሰው ያልቅ ነበር። በማግስቱ ስሙን የምጠራው ልጅ የማይመጣበት ቀን ነበር። ያንን መዝገብ ዛሬም በሕልሜ እገልጠዋለሁ።

«እናንተ ልጆቹን ስትመዝኑ ዝናቡን ማን ይመዝን ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጭቃው የሚመጣውን በልግ እንደማይነግረን እሷም አልደበቀችኝም። የሚነግረን ዝናብ እስከምን ድረስ ሊበዛ፣ እስከምን ድረስ ሊጎድል እንደሚችል ነው። የእኔ ትዝታ ስድሳ ምናምን ዓመት ነው፤ የእናቴን ብጨምርበት መቶ አይሞላም። በመቶ ዓመት ትዝታ ብቻ «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም» ማለት ከባድ ስህተት ነው። ነገሩ የጥንት ወሬ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ የዓለም ውቅያኖሶች ከኦክስጅናቸው 2 በመቶ ያህል አጥተዋል። ባሕር ሲታፈን ምን እንደሚሆን ለማወቅ የታፈነ ባሕር ጭቃ ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

እናቷ ግን የእናት ጥያቄዋን አልተወችም፤ «ሥራ ታገኛለች ወይ?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም አልቀለድኩበትም። በስምጥ ሸለቆ ቆላ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ጥርሳቸው የቡኒ ነጠብጣብ የሆነባቸውን ልጆች አስታወስኳት። ፍሎራይድ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። አንዴ ጥርሱ ከበቀለ በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። እኔ ልጁን የማየው ከተጎዳ በኋላ ነው። የድንጋይና የውሃ ባለሙያ ግን ጉድጓዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊደርስለት ይችላል።

ከዚያ የራሴ አባባል ትዝ አለኝ። «ድንጋይ የትም አይሄድብሽም» ብያት የለም? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ። ብዙዎቹ የሞቱት የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ናቸው። ድንጋይና አፈር ይሄዳል። እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ ነርስ ብዙ ሥራ ይቀልላታል። ይህን ለልጅ ልጄ በእናቷ ፊት ነገርኳት፤ «ተሳስቻለሁ» አልኳት።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ያላሰባችሁትን ነገር መማር እፈልጋለሁ ሲላችሁ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ለአንድ ቡና ያህል ስሙት። «ለምን?» በሉት፣ መልሱን እስኪጨርስም ጠብቁት። የሚያስረዳ ልጅ አስቦበታል ማለት ነው። የሚያቅተው ከሆነም ያኔ ምከሩት።

ትንንሾቹን ደግሞ ባሕር እንዴት እንደሚታፈን ዛሬውኑ ልታሳዩዋቸው ትችላላችሁ። ብርጭቆ ውሃ በግማሽ ሙሉና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙበት። በሌላ ብርጭቆ የቀዘቀዘ፣ ስኳር የሌለው ሻይ አዘጋጁ። ማንኪያ ገልብጣችሁ ከጨው ውሃው በላይ ያዙና ሻዩን በማንኪያው ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ሻዩ ከላይ ይቀራል፤ ጨው ውሃው ከታች። ሻዩ ዓባይ፣ ጨው ውሃው ሜዲትራኒያን ነው። ካልነካካችሁት ለረጅም ጊዜ ሳይቀላቀል ይቆያል። ልጆቹን «ከታች ዓሣ ቢኖር አየር ከየት ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የጨው ውሃውን ግን እንዳይጠጡት ተጠንቀቁ።

የልጅ ልጄ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ የምትመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እናቷ ገና «እሺ» አላለችም። ትናንት ማታ ግን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ብርጭቆና ጨው ይዛ ሻይ በማንኪያ ጀርባ ስታፈስ አግኝቻታለሁ። አላየሁም ብዬ በሩን መለስኩት።

ሳምንት በልጆች የጥርስ አጠባበቅ እንገናኛለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።